ክረምቱ ሲገባ የየቲሙ ልጅ ውሎ የት ይሁን?

 

የቲም ልጆችን የሚደግፉ ወገኖቻችን እጃቸውን የሚዘረጉት በአብዛኛው በሁለት ወቅት ነው፤ አንዱ በረመዳን፣ ሌላው ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረም። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ አላህ ይቀበላቸው። ይሁን እንጂ በሰኔ መጨረሻ ትምህርት ቤት ተዘግቶ መስከረም እስኪጠባ ድረስ ልጁ የት እንደሚውል የሚጠይቅ ብዙ ሰው አናገኝም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጤናንና ትርፍ ጊዜን ብዙ ሰው ከሚከስርባቸው ጸጋዎች እንደቆጠሯቸው ይታወቃል። በአገራችን የልጅ ትርፍ ጊዜ ክረምት ነውና የዛሬው ትምህርታችን በዚሁ ላይ ይሆናል። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አርብ ገበያን ምሳሌ አድርገን እንመልከት።

አርብ ገበያ በደቡብ ጎንደር ዞን የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከበሽሎ ወንዝ ማዶ ወሎ ነው። ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት በሆነበት በዚህ አካባቢ ክረምት የዕረፍት ወቅት ብቻ አይደለም። ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ የሚያልቅበት፣ አዲሱ ገና ያልደረሰበት፣ በገበያም የእህል ዋጋ ከፍ የሚልበት ጊዜ ነው። ጤፍ የሚዘራው በሐምሌ ነው፤ አረሙም ብዙ እጅ ይፈልጋል። አባት ያለው ልጅ ከአባቱ ማሳ አርሞ ማታ ወደ ቤቱ ይገባል። አባት የሌለው ግን እናቱ የምታበላው ሲጠፋ ለሰው እረኝነት ይቀጠራል፣ ወይም ዘመድ ወዳለበት ከተማ ይላካል። በሐምሌ ከቤት የወጣ ልጅ ሁልጊዜ በመስከረም አይመለስም። በመስከረም የሚገዛ ደብተርም በሐምሌ የሄደውን ልጅ አያመጣውም።

ይህን ስንል እረኝነትን ማነወራችን አይደለም። ነብያችን ራሳቸው በልጅነታቸው በግ ጠብቀዋል። የምንፈራው ልጁ ከከብቱ ኋላ ሲሄድ ከቂርአቱም፣ ከደብተሩም፣ ከእኩዮቹም ጨርሶ መለየቱን ነው።

በክረምት ምን ይሠራል?

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ቂርአት ነው። በየአገሩ ክረምት ሲገባ የመድረሳ ደጃፍ በልጆች ይሞላል። ነገር ግን ሰዓቱን የምንመድበው አባት ላለው ልጅ በሚመች መንገድ ከሆነ እረኛው የቲም ከደጅ ይቀራል። ጠዋት ሰማዩ ጠራ ሲል እርሱ ከብት አሰማርቷል፤ ዝናቡም በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ከጠዋቱ ሌላ በመግሪብና በዒሻ መካከል ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ቢኖር እንመክራለን። አዲስ ነገርም አይደለም፤ የቀድሞ ደረሳዎች ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም በእንጨት ሉህ ላይ እየጻፉ፣ ማታ በእሳት ብርሃን እየቀሩ ነው ያደጉት።

ከቂርአቱ ጎን የማጠናከሪያ ትምህርት ይሁን። በ2014 እና በ2015 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኞች 4 እንኳ አልሞሉም። ጉድለቱ የተጀመረው 12ኛ ክፍል ሲደረስ እንዳልሆነ መምህር የሆንን ሁሉ እናውቃለን፤ ንባብና የሒሳብ ስሌት ከታች ሲላላ የመጣ ነው። ለዚህ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የተመለሰ አንድ ወጣት፣ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃሉ። ወጣቱ ምንዳውን ከአላህ ይጠብቃል፤ የታክሲ ሒሳቡን ግን እኛ ብንሸፍንለት ነውር የለውም።

ዓርብ በከተማዋ ልዩ ቀን ነው። ስሟን ከገበያው ያገኘች ከተማ ናትና ገበያውና ጁሙዓው በአንድ ቀን ይገናኛሉ። በዚህ ቀን ትምህርት ማዘጋጀት ልፋት ነው፤ የየቲሙ እናት የምትሸጠው ነገር ካላት ልጁ ከጎኗ ተቀምጧል። ነገር ግን ከገጠር የመጣ ሁሉ የሚገኘው ያን ዕለት በመሆኑ ለማስታወቂያ፣ ለምዝገባና ከእናቶች ጋር ለመነጋገር ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ያለው ሰዓት ይመረጣል።

ችግኝ ተከላም አለ። የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ከተጀመረ ወዲህ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን መተከሉ ከተነገረ በኋላ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ሕዝቡ ወደ ተከላ ይወጣል። ዛፍ መትከል በሃይማኖታችን ሰደቃ ነው። እኛ የምንጨምረው አንድ ነገር ቢኖር ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ የሆነ ችግኝ እንዲሰጠውና መስከረም ላይ ጸድቆ እንደሆነ እንዲጠየቅ ነው። የሚጠየቅበት ነገር ያለው ልጅ ከሰፈሩ አይርቅም።

ጨዋታም አይረሳ። ኳስ፣ ገበጣ፣ ሩጫ፣ እንቆቅልሽ ለልጅ ምግቡ ናቸው፤ ልጅን ከጠዋት እስከ ማታ ቂርአት ላይ ብቻ ማስቀመጥ ከቂርአቱ ያስኮበልለዋል። ነሐሴ 13 ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ቡሄን ያከብራሉ፤ ጅራፉም ጭፈራውም በየመንደሩ ይሰማል። በዓሉ የእነርሱ ቢሆንም ጉርብትናው የሁላችን ነው። ልጆቻችን እንዳያውኩ፣ እንዳይሳለቁም እናስተምራቸው። ለሰፈር ኳስ ቡድንም የሙስሊምና የክርስቲያን ብለን አንለይ።

ዒዶቻችን በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት ይቀድማሉ። በ2010 ዒድ አል-አድሓ የዋለው ነሐሴ 15 ነበር፤ በ2014 ሐምሌ 2 ሆነ፤ አሁን ከክረምቱ ወጥቷል። ቀድሞ የየቲሙን ቤት በክረምት ያንኳኳ የነበረው የኡድሒያ ሥጋ ዛሬ በሐምሌና በነሐሴ የለም ማለት ነው። ይህን ክፍተት ያስተዋለ ለጋሽ ካለ የእህል ድጋፉን ወደ ሐምሌ ያዙረው።

ለብቻ ወይስ ከሌላው ጋር?

ከሁሉ ይልቅ ልናስገነዝብ የፈለግነው ይህን ነው። ብዙ ጊዜ በጎ አስበን "የየቲሞች ቀን" እናዘጋጃለን። ልጆቹ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ስጦታ ይታደላል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። በማግስቱ ልጁ በሰፈሩ ሲያልፍ እኩዮቹ የሚያውቁት በስሙ ሳይሆን በዚያ ሰልፍ ነው። ከዚያ በኋላ ቢጠሩት የማይመጣ ልጅ ቢኖር በእርሱ አንፈርድም።

የሲራ ጸሐፍት እንደሚዘግቡት ለአብዱልሙጦሊብ በካዕባ ጥላ ሥር ምንጣፍ ይነጠፍላቸው ነበር፤ ለክብራቸው ሲባል ልጆቻቸው እንኳ አይቀመጡበትም። የቲሙ የልጅ ልጃቸው ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው ሲቀመጡ አጎቶቻቸው ሊያነሷቸው ቢሞክሩ አያታቸው ከለከሉ፤ ከጎናቸውም አስቀመጧቸው። ልብ እንበል፤ ሌላ ምንጣፍ አላስነጠፉላቸውም። አያታቸው ከሞቱ በኋላም አጎታቸው አቡ ጧሊብ ያሳደጓቸው ከራሳቸው ልጆች ጋር ነው።

ስለዚህ የክረምቱ ዝግጅት የሁሉም ልጅ ይሁን። ክፍያ ካለው የየቲሙ ክፍያ አስቀድሞ በዝምታ ይከፈል፤ በመዝገቡም "ነፃ" የሚል ምልክት በስሙ አንጻር አይደረግ። መምህሩም ማን እንደተከፈለለት ማወቅ አያስፈልገውም። ኮንጎ ጫማና የዝናብ ላስቲክ የሚሰጠው ከሆነ ከዝግጅቱ ሳምንት ቀደም ብሎ በእናቱ እጅ ይግባ፤ ያኔ ልጁ እናቱ የገዛችለትን ለብሶ ይመጣል። ለጋሾች ማስረጃ መፈለጋቸው ተገቢ ነው፤ ለዚህ ግን የእናት ፊርማ ያለበት መዝገብ ይበቃል። የልጁ ፊት በወረቀት ላይ መውጣት የለበትም።

አባት ያላችሁ ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። ልጃችሁን ወደ ማታው ቂርአት ስትልኩ በየቲሙ ቤት በኩል አልፎ ጠርቶት እንዲሄድ አድርጉ። ከማኅበር ይልቅ እኩያው ሲጠራው ይቀለዋል።

ስለ ጸጥታም ጥቂት እንበል። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ እስከ ነፋስ መውጫ ደርሶ ነበር። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ ለብዙ ልጆች "ዕረፍት" ማብቂያ ያጣ ቃል ሆኗል፤ የየቲሞችም ቁጥር ጨምሯል። እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ ልጆችን በአንድ ሜዳ መሰብሰብ ወይም በመኪና ጭኖ ወደ ደብረ ታቦር መውሰድ አይመከርም፤ የጋፋትን መድፍ መሥሪያ ለማሳየት እንኳ ቢሆን ሰላም ሲሆን ይደርሳል። በየሰፈሩ ከ10 እስከ 15 ልጅ በአንድ ግቢ ቢሰባሰብ፣ የማታው ቂርአትም መንገዱ አስጊ በሆነ ዕለት ቢቀር ይሻላል።

በመጨረሻም በነሐሴ ማብቂያና በጳጉሜን የትምህርት ቤት ምዝገባ ሲጀመር፣ ክረምቱን አብረው የዋሉትን ልጆች ስም የያዘው መምህር ዝርዝሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሂድ፤ ያልተመዘገበ ከተገኘም በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ከጁሙዓ በኋላ እናቱን በገበያው ይፈልጋት።