ቤተኛ በሽታ ማለት ምን ማለት ነው?



በአሰላና በአርሲ ደጋ ስንዘዋወር፣ ትኩሳት የያዘው ልጅ ባየን ጊዜ እናቲቱ ብዙውን ጊዜ፣ «ምን ይደረግ፤ ክረምት ሲገባ ያለ ነው» ትለናለች። ትምህርታችን ስለዚሁ «ያለ ነው» ስለሚባለው በሽታ ነው።

አንዳንድ በሽታ እንደ ጎርፍ በድንገት መጥቶ ብዙ ሰው ፈጅቶ ያልፋል፤ ይህ ወረርሽኝ ይባላል። በ1958 እ.ኤ.አ. በአገራችን ከፍ ባሉ ቦታዎች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 150 ሺህ ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። ሌላው በሽታ ግን ከመንደር ሳይወጣ፣ በየዓመቱ ሰው እየያዘ ይኖራል፤ ይህን ቤተኛ በሽታ እንለዋለን። ቤተኛ ነው ማለት ቀላል ነው ማለት አይደለም። ስለ ለመድነው አንፈራውም እንጂ ይገድላል።

ለምሳሌ ግርሻ የሚባለውን ትኩሳት እንውሰድ። በብርድ ብርድ፣ በራስ ምታትና በብርቱ ትኩሳት ይጀምራል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ይተዋል፤ በሽተኛው «ዳንሁ» ሲል ከሳምንት ገደማ በኋላ ያገረሽበታል። ካልታከሙ ከ100 በሽተኞች ከ10 እስከ 40 የሚሆኑት ሊሞቱ ይችላሉ።

በሽታው ቤተኛ የሆነው የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ቤተኛ ስለ ሆነ ነው። ቅማሉ በልብስ ስፌት ውስጥ ይኖራል። በክረምት ልብስ ይደራረባል፣ አጠባ ይቀራል፣ ቤተ ሰቡም ተጠጋግቶ ይተኛል፤ ያን ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። የበሽታው ተሕዋሲ ቅማሉ ሲጨፈለቅ ወጥቶ በተቧጨረ ቆዳ ወይም በዓይን ይገባል።

ስለዚህ፦

1ኛ. ቅማል በጥፍር ወይም በጥርስ አትግደሉ።

2ኛ. የቤተ ሰቡን ልብስና ጋቢ ሁሉ ባንድ ቀን ቀቅሉ፤ የአንዱ ቢቀር ቅማሉ ይመለሳል። ስፌቱን በጋለ ካውያ ተኩሱ። የማይቀቀለውን በላስቲክ ከረጢት አጥብቃችሁ አስራችሁ ሁለት ሳምንት አቆዩት።

3ኛ. ገላ ታጥቦ የቆሸሸውን ልብስ መልሶ መልበስ ዋጋ የለውም።

4ኛ. በሽተኛውን ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። መድኃኒት አለው፤ ነገር ግን በተሰጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርቱ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ስለሚችል ቤት ውስጥ አትስጡ።

ግርሻ ባንድ ወቅት በአውሮፓም ብዙ ሰው ፈጅቷል። ሰው ልብሱን አዘውትሮ ማጠብና መለወጥ ሲችል ግን ቅማሉ ጠፋ፣ በሽታውም ማደሪያ አጣ። እኛም ቤታችንን ልናስለቅቀው እንችላለን። ክረምት በየዓመቱ መግባቱ አይቀርም፤ ግርሻ ግን አብሮት እንዲገባ ግዴታ የለብንም።