ዳገት፣ ቁልቁለትና የኤሌክትሪክ ጭነት መኪና

ስለ ኤሌክትሪክ ጭነት መኪና ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠየቀው «አንዴ ተሞልቶ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» የሚለው ነው። ርቀቱን ለማራዘም ትልቅ ባትሪ መግጠም ቀላሉ መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን በኪሎ ግራም 160 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 600 ኪሎዋት ሰዓት እንዲያከማች ቢፈለግ ክብደቱ 3.75 ቶን ይሆናል፤ ባትሪው በከበደ ቁጥር የሚጫነው ዕቃ ይቀንሳል። ስለሆነም አስቀድሞ ኃይሉ በምን እንደሚጠፋ መመርመር ይገባል።

በሜዳ ላይ ኃይሉን የሚበሉት የአየር ተቃውሞና የጎማ ሰበቃ ናቸው። የአየር ተቃውሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ፍጥነትን በሰዓት ከ100 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ማውረድ ብቻውን ተቃውሞውን በ36 በመቶ ይቀንሳል።

ዳገት ግን ሌላ ነገር ነው። 40 ቶን የሚመዝን መኪና 100 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ ቅርጹ የቱንም ያህል ቢሻሻል፣ ለመሬት ስበት ብቻ 11 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይከፍላል። ከጅቡቲ ወደብ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው አዲስ አበባ ሲጓዝ ሒሳቡ 250 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። በመንገዱ ላይ ያለው መውጣትና መውረድ፣ አየሩና ጎማው ገና አልተቆጠሩም።

ደግነቱ ይህ ኃይል አይባክንም፤ በከፍታው ላይ እምቅ ሆኖ ይቀመጣል። በቁልቁለት ጊዜ ሞተሩ እንደ ዲናሞ እየሠራ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። በስዊዘርላንድ፣ በቢል ከተማ አቅራቢያ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ የሚያመላልስ አንድ ገልባጭ መኪና ለዚህ ግሩም ምሳሌ ነው። ባዶውን 45 ቶን የሚመዝነው ይህ መኪና ሽቅብ የሚወጣው ባዶውን ሲሆን፣ ቁልቁል የሚወርደው 65 ቶን ተጭኖ ነው። በመሆኑም ሲወርድ የሚያጠራቅመው ኃይል ለመውጣቱ ይበቃዋል።

የእኛ መንገድ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ከባዱ የገቢ ዕቃ ሽቅብ ይወጣል፣ መኪናው ብዙ ጊዜ ባዶውን ይወርዳል። 15 ቶን የሚመዝን ባዶ መኪና ከአዲስ አበባ እስከ ባሕሩ ሲወርድ ከከፍታው የሚለቀቀው 94 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያም ባትሪው የሚያገኘው ከፊሉን ብቻ ነው። ነዳጅን በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ አገር ይህ ስሌት ዋጋ አለው። የመሙያ ጣቢያዎች በእኩል ርቀት ከሚደረደሩ ይልቅ ከዋና ዋናዎቹ ዳገቶች ግርጌ፣ ለምሳሌ መንገዱ ከአዋሽ ወደ ከፍታው ከመውጣቱ በፊት ቢተከሉ ይመረጣል። በአንጻሩ በቁልቁለት አናት ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ መሙላት አይመከርም፤ የሞላ ባትሪ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው፣ ሸክሙ ሁሉ እንደ ድሮው በፍሬኑ ላይ ይወድቃል።