ለፈጠራ መስመር ሎኮሞቲቭ ስንመርጥ

ባለፈው ሴሚስተር ለዲፓርትመንታችን ዐውደ ርእይ የባቡር ሞዴል ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። የመረጥኩት በእውን ያልተዘረጋ መስመር ነው። ከጅቡቲ–አዲስ አበባ ሐዲድ ሚኤሶ ላይ ተገንጥሎ ዳገቱን ወደ አሰበ ተፈሪ (የዛሬዋ ጭሮ) የሚወጣ፣ የሐረርጌን ቡና የሚያወርድ ቅርንጫፍ። ዘመኑ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። መስመሩ የራሴ ፈጠራ ስለሆነ የፈለግኩትን ሎኮሞቲቭ ባቆምበት ማን ይጠይቀኛል አልኩ።

ዓይኔ ያረፈው በምጽዋ–አስመራው ማሌት ላይ ነበር። የፊተኛው የጎማ ክፍል ለብቻው ስለሚዞር ኩርባ አያስቸግረውም። አንሳልዶ በ1938 የሠራቸው ማሌቶች ከባሕር ጠረፍ ተነሥተው ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጡ ነበር። ለኔ ዳገት ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል? ሦስት ሳምንት ካርቶን ስቆርጥ ከረምኩ። መምህሬ አይተውት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «በየትኛው ሐዲድ ላይ ነው የሚሄደው?»

የምጽዋው ሐዲድ ስፋት 950 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጅቡቲው ግን በዚያ ዘመን 1,000 ነበር። በ1፡87 መጠን ሲቀነሱ 10.9 እና 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ፤ ልዩነቱን ዓይን አይለየውም። እውነተኛው ማሌት ግን ለጅቡቲው ሐዲድ አይገጥምም። ስለዚህ ሥራውን እንደገና ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ የሐዲድ ስፋት መሆኑ ገባኝ።

ሁለተኛው ጥያቄ ጭነት ነው። የሞዴሌ ጣቢያ 6 ፉርጎ ይይዛል። አንዱን ከነጭነቱ 30 ቶን ብንለው 180 ቶን ይሆናል። ክብደቱ ሁሉ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ያረፈ ባለ 30 ቶን ሎኮሞቲቭ ሲጨመር 210 ቶን። በ2.5 በመቶ ዳገት ላይ እያንዳንዱ ቶን 25 ኪሎ፣ ለሰበቃ ደግሞ 4 ኪሎ ያህል የመጎተት ኃይል ይጠይቃል። 210 በ29 ሲባዛ 6,090 ኪሎ ነው። በደረቅ ሐዲድ ሎኮሞቲቩ የክብደቱን ሩብ መጎተት ይችላል ብንል 7,500 ኪሎ አለው፤ ይበቃዋል። ሐዲዱ ረጥቦ ወደ አንድ አምስተኛ ከወረደ ግን 6,000 ብቻ ይቀረዋል። ያኔ ሐዲዱ ላይ አሸዋ መነስነስ ወይ አንድ ፉርጎ መቀነስ ነው። ባለ 60 ቶን ባቆም ኖሮ ግማሽ ጉልበቱ ያለ ሥራ ይውል ነበር።

ሦስተኛው፦ ማን ከፈለ? ትንሽ ቅርንጫፍ አዲስ ሎኮሞቲቭ አያዝም። በ1950ዎቹ ዋናው መስመር ናፍጣ ሲገባለት የሚለቀውን አሮጌ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ነው የሚወስደው። ስለዚህ ሞዴሌን ትንሽ፣ ቀለሙ የለቀቀና ጥላሸት የጠጣ አድርጌ ሠራሁት፤ ሚኤሶ ጣቢያም የውኃ ጋን ጨመርኩ።

መስመሩ ፈጠራ ቢሆንም ዳገቱና ክብደቱ በፈጠራ አይለወጡም። ሞዴል ለመሥራት የምታስቡ ጓደኞቼ፣ ካርቶን ከመቁረጣችሁ በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች ወረቀት ላይ መልሱ። እኔ ሦስት ሳምንት ከፍዬበታለሁ።