ሌሊቱን እያነበበ ለምን ወደቀ?

ጥያቄ፦ ልጄ በሁለተኛ ደረጃ ጎበዝ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሌሊቱን ሲያነብ እያደረ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሒሳብ ወደቀ። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ ልጅዎን የጎደለው ትጋት ሳይሆን የአጠናን ስልት ይመስለኛል። ደብተሩን ደጋግሞ የሚያነብ ተማሪ፣ ጽሑፉ ለዓይኑ ስለሚለመድ፣ ምስጢሩን የጨበጠ ይመስለዋል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ በተደረገው ፈተና ደጋግመው ያነበቡት ቢበልጡም፣ ከ1 ሳምንት በኋላ ግን ንባቡን ትተው ያስታወሱትን የጻፉት በልጠው ተገኙ። የአብነት ተማሪም ያጠናውን በመምህሩ ፊት በቃሉ ማሰማቱ ትምህርቱን እንዳይረሳ ይጠቅመዋል። እንግዲህ ልጅዎ የተሠራውን ምሳሌ ሸፍኖ ራሱ ይሥራው፤ በተሳሳተበትም ሳያፍር መምህሩን ይጠይቅ፤ ይህንንም በፈተናው ዋዜማ ሳይሆን ከመጀመሪያው ሳምንት ይጀምር።