ጭሱ ስንት ያወጣል? ከቪንተርቱር የማሞቂያ ክፍል የሚጀምር ትምህርት

በስዊዘርላንድ ጥቅምት ሲገባ ከጤና መድን ድርጅቶች ወደየቤቱ ደብዳቤ ይላካል። በመጪው ዓመት በየወሩ የሚከፈለው የመድን ዋጋ ስንት እንደሆነ የሚያስታውቅ ደብዳቤ ነው። የአንባቢው ዓይን የሚያርፈው በትልቁ ቁጥር ላይ ነው፤ ደስ የሚል ቁጥር ሆኖ አያውቅም። ከዚያ ዝቅ ብሎ ግን ጥቂት ፍራንክ የሚቀንስ አንድ መስመር አለ፦ ከአካባቢ ጥበቃ ቀረጥ ተመላሽ የሆነ ገንዘብ። በቪንተርቱር፣ በዙሪክም ሆነ በጄኔቭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ መስመር በየዓመቱ ይደርሳቸዋል። ከየት እንደመጣ ስንከተል የምንደርሰው ከመኖሪያ ሕንፃው ምድር ቤት፣ ዘይት ወይም ጋዝ ከሚቃጠልበት የማሞቂያ ክፍል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ነገሩን ከመሠረቱ እንጀምር። አንድ ሰው የቤቱን እጣቢ ወደ ጎረቤቱ ደጅ ቢለቅ ጥቅሙ የእርሱ፣ ጉዳቱ የጎረቤቱ ነው። በገበያ የምንገዛው ዕቃ ዋጋ እንዲህ ያለውን ጉዳት አይቆጥርም። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አርተር ፒጉ በ1920 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ መፍትሔው ጉዳቱን በቀረጥ መልክ በዕቃው ዋጋ ላይ መጨመር ነው። ያን ጊዜ ጉዳት አድራሹ የሚያደርሰውን ጉዳት በኪሱ ያየዋል፤ ሲያየውም ይቀንሳል። የካርቦን ቀረጥ ይህ አሳብ ለጭስ ሲሠራበት የተሰጠው ስም ነው።

ስዊዘርላንድ ቀረጡን የጀመረችው በጥር 2008 ሲሆን፣ መነሻው ለአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 12 ፍራንክ ነበር። የሚከፈለው ለማሞቂያ በሚውል ዘይትና ጋዝ ላይ እንጂ በመኪና ነዳጅ ላይ አይደለም። ሕጉ ይዞት የነበረው ብልሃት ልብ ሊባል ይገባል። ለሕንፃና ለፋብሪካ ማሞቂያ የሚቃጠለው ነዳጅ የሚያወጣው ጭስ በተወሰነለት ዓመት ወደተወሰነለት መጠን ካልወረደ፣ ቀረጡ ማንም ሳይከራከርበት ራሱ ከፍ ይል ነበር። በዚህ መንገድ ወደ 36፣ ወደ 60፣ ወደ 84፣ ወደ 96፣ በመጨረሻም በ2022 ወደ 120 ፍራንክ ደረሰ። የመጨረሻው ጭማሪ የመጣው በጥቂት ነጥብ ልዩነት ነው። በ2020 ጭሱ ከ1990 መጠን በ33 በመቶ መቀነስ ሲገባው የቀነሰው በ31 በመቶ ብቻ ነበር።

ከሚሰበሰበው ገንዘብ አንድ ሦስተኛው ገደማ አሮጌ ሕንፃዎችን ከብርድ ለመከለልና ማሞቂያቸውን ለመለወጥ በድጎማ ይሰጣል። ሁለት ሦስተኛው ያህል ደግሞ ለሕዝቡና ለድርጅቶች ይመለሳል። ድርጅቶች እንደ ደመወዝ ክፍያቸው መጠን ያገኛሉ፤ ነዋሪው ግን ሕፃን ከአዋቂ፣ ሀብታም ከድኃ ሳይለይ በነፍስ ወከፍ እኩል ይደርሰዋል። የጤና መድን ለሁሉም ግዴታ በመሆኑ መንግሥት ሌላ መዝገብ ማቋቋም አላስፈለገውም፤ ገንዘቡን በመድን ድርጅቶች በኩል ያደርሳል። ከ2023 እስከ 2025 በነበሩት ዓመታት ለአንድ ሰው በዓመት የተመለሰው ከ60 ፍራንክ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር፤ ከሌላ አነስተኛ የአየር ብክለት ቀረጥ የሚመጣው ጥቂት ገንዘብም በዚሁ ተካትቷል።

አሁን ስሌቱን እንሞክረው። አንድ ሊትር የማሞቂያ ዘይት ሲቃጠል 2.65 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ቶኑ በ120 ፍራንክ ሲታሰብ በሊትሩ ላይ የሚያርፈው ቀረጥ 32 ሳንቲም ገደማ ነው። ለምሳሌ ያህል አራት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በዓመት 500 ሊትር ቢያቃጥል 159 ፍራንክ ይከፍላል፤ 240 ፍራንክ ያህል ይመለስለታል፤ 81 ፍራንክ አተረፈ ማለት ነው። ያው ቤተሰብ 1,200 ሊትር ቢያቃጥል ግን 382 ፍራንክ ከፍሎ ያንኑ 240 ይቀበላል። ወሰኑ ከ750 ሊትር ጥቂት ያልፋል። ከዚያ በታች የሚያቃጥል ይካሳል፤ ከዚያ በላይ የሚያቃጥል ይከፍላል። እንደ እኔ ግምት ከካርቦን ቀረጦች ሁሉ በፍትሐዊነቱ ከሚመሰገኑት አንዱ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ትልቅ ቤት የሚያሞቀው ባለጸጋው ነውና።

ይሁን እንጂ ስሌቱ አንድ ነገር ይዘላል። በቪንተርቱር የሚኖር ተከራይ የማሞቂያውን ሒሳብ ከኪራዩ ጋር ይከፍላል፤ ቀረጡም በዚያው ውስጥ ይመጣበታል። ማሞቂያውን የሚመርጠው ግን አከራዩ ነው። ዋጋው የሚቆረቁረው ሰው ምድጃውን መለወጥ አይችልም፤ መለወጥ የሚችለውን ደግሞ ዋጋው አይቆረቁረውም። ተከራዩ መስኮቱን ዘግቶ፣ ሹራብ ደርቦ ጥቂት ይቆጥብ ይሆናል፤ የምድር ቤቱ የዘይት ማሞቂያ ግን እስኪያረጅ ድረስ መንደዱን አያቆምም። የፒጉ ትምህርት ከፋዩና መራጩ አንድ ሰው መሆናቸውን ያስባል። ስዊዘርላንድ ደግሞ ከሕዝቧ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በኪራይ ቤት የሚኖርባት አገር ናት።

ሌላም ችግር ነበረ። የሚወሰደው ገንዘብ በግልጽ ይታያል፤ የሚመለሰው በመድን ደብዳቤ ግርጌ ተሸሽጓል። ሰኔ 13 ቀን 2021 አዲስ የካርቦን ሕግ ለሕዝብ ውሳኔ ሲቀርብ የቀረጡን ጣሪያ ወደ 210 ፍራንክ ከፍ የሚያደርግ፣ በአውሮፕላን ትኬት ላይም እስከ 120 ፍራንክ የሚያስከፍል ነበር። ተቃዋሚዎቹ የተናገሩት ስለ ዋጋው ነበር፤ ሕዝቡም 51.6 በመቶ በሆነ ድምፅ ሕጉን ጣለው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 18 ቀን 2023፣ በ2050 የተጣራ ጭስ ዜሮ እንዲሆን የሚያዝዝ ሌላ ሕግ ቀረበ። ይህኛው አዲስ ቀረጥ አልጣለም፤ ማሞቂያቸውን ለሚለውጡ በዓመት 200 ሚሊዮን ፍራንክ ለአሥር ዓመታት እንዲሰጥ ደነገገ እንጂ። 59.1 በመቶ ደገፈው። የድጎማው ገንዘብም የሚወጣው ከዚያው ሕዝብ ግብር መሆኑ እሙን ነው፤ የማይታይ ወጪ ግን ከሚታይ ቀረጥ ይልቅ ይወደዳል።

ቪንተርቱር በዚህ መካከል የራሷን መንገድ ያዘች። ከተማዪቱ ለጭስ እንግዳ አይደለችም። የዙልሰር ፋብሪካ ከ1834 ጀምሮ እዚህ ብረት ሲያቀልጥ፣ የእንፋሎት ማሞቂያና ሞተር ሲሠራ ኖሯል፤ ሩዶልፍ ዲዝል ራሱ በ1879 ገና ተማሪ ሳለ በዚህ ፋብሪካ ልምምድ አድርጓል። በዓለም ላይ ናፍጣ የሚጠጣው ሞተር ስሙን የወሰደው ከእርሱ ነው። በዚህች ከተማ ሕዝቡ ኅዳር 28 ቀን 2021 ለምርጫ ከቀረቡለት ዓመታት ቅርቡን፣ 2040ን፣ የተጣራ ጭስ የሚያበቃበት አድርጎ መረጠ። በዚያው ዕለት የዙሪክ ካንቶን ሕዝብ የኃይል ሕጉን አጸደቀ። በሕጉ መሠረት ያረጀ የዘይት ወይም የጋዝ ማሞቂያ፣ ዋጋው እጅግ የማይበልጥ እስከሆነ ድረስ፣ ጭስ በማያወጣ ማሞቂያ ይተካል። እነሆ ቀረጡ ሊደርስበት ያልቻለው አከራይ በትእዛዝ ተገኘ።

ትእዛዙ አማራጭ ይፈልጋል። በቪንተርቱር ከቆሻሻ ማቃጠያው የሚወጣው ሙቀት በቱቦ ወደ ሕንፃዎች ይደርሳል፤ የአዲስ አበባው ረጲ ማመንጫ ለኤሌክትሪክ የታሰበ ሲሆን፣ እዚህ ግን ከኤሌክትሪኩ ሌላ ሙቀቱም ይሸጣል። በጄኔቭ የሐይቁ ውኃ ሕንፃዎችን ያቀዘቅዛል፣ በሙቀት ፓምፕ እየታገዘም ያሞቃል።

የመኪና ነዳጅስ? ከቀረጡ ነፃ ቢሆንም ፈጽሞ አልተተወም። የነዳጅ አስመጪዎች ከጭሱ የተወሰነውን እጅ እንዲያካክሱ ይገደዳሉ፤ ከአገር ውስጥ ካልሆነም ከውጭ የጭስ ቅነሳ ይገዛሉ። ወጪውን በሊትር በጥቂት ሳንቲም በነዳጅ ገዢው ላይ ይጨምራሉ። ስዊዘርላንድ በፓሪስ ስምምነት አንቀጽ 6 መሠረት በ2020 ከፔሩና ከጋና ጋር ውል ተፈራርማለች፤ በስምምነቱ ሥርዓት የመጀመሪያው የቅነሳ ሽያጭ የተጠናቀቀውም ከባንኮክ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች በመጣ 1,916 ቶን ነው።

ይህ ገበያ ለእኛም ባዳ አይደለም። በወላይታ የሁምቦ ተራራ 2,728 ሔክታር የተራቆተ መሬት ከአሮጌ ጉቶዎች እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ተደርጎ፣ ደኑ የሚይዘውን ካርቦን የዓለም ባንክ ፈንድ ገዝቶታል፤ ሽያጩም በገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል የተከናወነ ነው። በዚያ ዘመን ግን ሕጉ ሌላ ነበር። በፓሪስ ስምምነት በዚህ መንገድ ለሌላ አገር የተሸጠች ቶን ከሻጩ አገር መዝገብ ትሰረዛለች፤ ሁለቱም ሊቆጥሯት አይችሉም። ኢትዮጵያ በ2021 ባሻሻለችው ዕቅዷ እስከ 2030 ሊወጣ ከሚችለው ጭስ 68.8 በመቶውን ለመቀነስ ቃል ስትገባ፣ በራሷ አቅም የምትሠራው 14 በመቶውን ብቻ እንደሆነ ገልጻለች። ቀላሉንና ርካሹን ቅነሳ ለሌላው ከሸጠች፣ ለራሷ ቃል የሚቀራት ውድና ከባዱ ነው። ስለዚህ የሁምቦን የመሰለ ተራራ ለድርድር በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ ከዋጋው እኩል መጠየቅ ያለበት የትኛው ቶን እንደሚሸጥና የትኛው በቤት እንደሚቀር ነው።