መርፌን የሚፈራ ሰው ፈሪ አይደለም

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በዴዴሳና በአንገር ሸለቆዎች ወባ ይበረታል። ነቀምቴ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍታ ላይ ብትሆንም፣ ለእርሻ ወደ ቆላው ወርዶ የከረመ ሰው ትኩሳቱንና ብርዱን ይዞ ወደ ከተማ ይወጣል። በእነዚህ ወራት ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ፣ ከነጆ እስከ ደምቢ ዶሎ በየላብራቶሪው በር ላይ ወረፋው ይረዝማል።

ከዚያ ወረፋ ውስጥ አንድ ሰው በዓይነ ኅሊናችን እንያዝ። ጎልማሳ ገበሬ ነው፤ ኩንታል ቡና ለብቻው ተሸክሞ የሚወጣ። ተራው ደርሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ባለሙያዋ የቀለበት ጣቱን በአልኮል ጠረገችና እስኪደርቅ ጠበቀች። «ሂን ሶዳቲን» አለችው፤ አትፍራ ማለቷ ነው። ከዚያ የጣቱን ጎን ጠቅ አደረገች። የመጀመሪያዋን ጠብታ በደረቅ ጥጥ ጠርጋ ቀጣዮቹን በመስታወቱ ላይ አሳረፈች። ሰውየው ደሙን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ቸፈፈ፤ ጆሮው ጭው አለ፤ ዓይኑ ጨለመበት። ከወንበሩ ተንሸራቶ ወደቀ። በር ላይ ከቆሙት አንዱ «ይሄን የሚያህል ሰው!» ብሎ ሳቀ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ሳቅ ለምን ስሕተት እንደሆነ ማስረዳት፣ ሰውየውም በሚቀጥለው ጊዜ እንዳይወድቅ ምን ማድረግ እንደሚችል ማሳየት ነው።

የመርፌ ፍርሃት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው እንደማንኛውም ፍርሃት ነው። ልብ ይመታል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ትንፋሽ ይቆራረጣል፤ እግር ወደ በሩ ይላል። በጨለማ መንገድ ላይ ጅብ ያየ ሰው የሚሰማው ይኸው ነው፤ ሰውነቱ ለሩጫ እየተዘጋጀ ስለሆነ ደሙ ወደ ጡንቻዎቹ በኃይል ይገፋል። ጅብ አይቶ የሚሮጥ እንጂ ራሱን ስቶ የሚወድቅ ሰው እምብዛም አይገኝም።

ሁለተኛው መልክ ግን ልዩ ነው። ደም ወይም መርፌ ሲታይ የልብ ምትና የደም ግፊት በመጀመሪያ ከፍ ይላሉ፤ ከዚያ ሁለቱም ድንገት ያሽቆለቁላሉ። አንጎል ለጥቂት ሰከንዶች በቂ ደም ያጣል፤ ሰውየውም ይወድቃል። ይህ የሚሆነው ልብንና የደም ስሮችን የሚያዝዘው ነርቭ በራሱ ጊዜ በሚሰጠው ምላሽ ነው። ፈቃድ አይጠይቅም፤ ወኔም አያቆመውም። ብዙ ጊዜም በቤተሰብ ውስጥ ይወረሳል፤ የሚወድቅ አባት የሚወድቅ ልጅ ሊኖረው ይችላል። ከ100 ሰዎች ውስጥ 3 ወይም 4 ያህሉ ይህን የደምና የመርፌ ፍርሃት ከሕክምና እስኪያሸሻቸው ድረስ በብርቱ እንደሚሰማቸው ጥናቶች ያሳያሉ። በቀላሉ የሚፈራው ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበዛል።

እንግዲህ ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ የሁለቱ መልኮች መፍትሔ ተቃራኒ ነው። ልቡ ለሚመታው ሰው የሚበጀው ሰውነትን ማላላት ነው። ራሱን ለሚስተው ሰው ግን ማላላት ግፊቱን ይበልጥ ያወርድበታል፤ እሱን የሚያድነው ጡንቻን ማጠንከር ነው። በአማርኛ «አይዞህ»፣ በኦሮምኛ «ጀባዹ» እንላለን፤ በርታ፣ ጠንክር ማለታችን ነው። የሚወድቀውን ሰው በቃል ብቻ በርታ ብንለው አይጠቅመውም። እንዴት እንደሚጠነክር ብናሳየው ግን ይድናል።

ይህን ዘዴ ያስተዋወቀው ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ላርስ ዮራን ኡስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት። አሠራሩ እንዲህ ነው። ወንበር ላይ ተቀመጡ። የክንድ፣ የሆድና የእግር ጡንቻዎቻችሁን አንድ ላይ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ትንፋሻችሁን ግን አታፍኑ። ከ10 እስከ 15 ሰከንድ፣ ፊታችሁ ሞቅ እስኪል ድረስ ቆዩ። ከዚያ ልቀቁ፤ ነገር ግን እንደ ጨርቅ አትዝለፍለፉ፣ ወደ ተለመደው ሁኔታችሁ ብቻ ተመለሱ። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ካረፋችሁ በኋላ ድገሙት፤ አምስት ጊዜ። የፊታችሁ ሙቀት የደም ግፊታችሁ ከፍ ማለቱን የሚነግራችሁ ምልክት ነው። በቤታችሁ ለአንድ ሳምንት በቀን አምስት ጊዜ ያህል ተለማመዱት። ላብራቶሪ ስትገቡ ደም የሚቀዳበትን ክንድ ለቀቅ አድርጋችሁ በሌላው እጃችሁ፣ በሆዳችሁና በእግሮቻችሁ ሥሩት። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመምተኛ የሆነ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ወድቆ የማያውቅ፣ ልቡ ብቻ የሚመታበት ሰው ትከሻውን ይጣል፤ በአፍንጫው እስከ አራት እየቆጠረ አየር ይሳብ፣ እስከ ስድስት እየቆጠረ በቀስታ ያውጣ። ረጅሙ አወጣጥ ልብን ያረጋጋል።

ፍርሃቱ ጠንክሮ ምርመራውን ጭራሽ የሚያስቀር ከሆነ ደረጃ በደረጃ መላመድ ያስፈልጋል። ዛሬ የሲሪንጅ ሥዕል ማየት፤ ነገ መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ ይዞ መቀመጥ፤ ከዚያ ዘመድ ሲመረመር አብሮ ሄዶ ደጅ መጠበቅ፤ ቀጥሎ ገብቶ ማየት። ምስጢሩ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ፍርሃቱ በራሱ እስኪበርድ ድረስ መቆየት ነው። ፍርሃት እንደ ዳገት ነው፤ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። ጫፉ ላይ ሳለ የሮጠ ሰው መውረዱን አያይም። አንጎሉም «ያዳነኝ ሽሽቴ ነው» ብሎ ይማራል፤ ፍርሃቱም በሚቀጥለው ጊዜ ይብሳል።

በምርመራው ቀን ሐኪም ጾመህ ና ካላለ በቀር ቁርስ ብሉ፤ ውኃ ጠጡ። ወድቃችሁ የምታውቁ ከሆነ ተኝታችሁ እንዲቀዳላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱን ሰው የሚያስፈራው የተበከለ መርፌ ነው፤ ይህ ምክንያት ያለው ስጋት ስለሆነ፣ አዲሱ መርፌ ከማሸጊያው ሲወጣ ማየት እንደምትፈልጉ ንገሩ። ሌላው ደሜ ያልቃል ይላል። አንድ ጎልማሳ 5 ሊትር ያህል ደም አለው፤ በአንድ ብልቃጥ የሚቀዳው ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ከተቀዳ በኋላ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጥጡን ለጥቂት ደቂቃዎች ተጫኑ፤ ቶሎም አትነሡ።

ሰው ከወደቀ ጀርባው ላይ አስተኙት፤ እግሮቹን ከፍ አድርጉ። ደሙ ወደ አንጎሉ ይመለሳል፤ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ይነቃል። ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ውኃ መድፋት፣ ክብሪት ለኩሶ ማስሸተት አይረዳውም። ቶሎ ካልነቃ ግን ባለሙያ ይጠራ።

ፍርሃቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ስለሆነ ወላጆች ትልቅ ድርሻ አለን። «ዝም ካላልክ መርፌ አስወጋሃለሁ» የምንለው ልጅ መርፌን የሚያውቀው ቅጣት አድርጎ ነው። «አያምም» ብለን ስናታልለው ደግሞ መርፌውንም እኛንም ማመን ያቆማል። «ለአፍታ ይቆነጥጥሃል፤ እኔ አቅፌህ ነኝ» ማለት ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር ሕፃናት በክትባት ጊዜ እናታቸው እቅፍ ውስጥ እንዲሆኑና ጡት እንዲጠቡ ይመክራል። በክትባት ጊዜ በብዛት ራሳቸውን የሚስቱት ግን ወጣቶች ናቸው። የማኅፀን ጫፍ ካንሰር መከላከያ ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር ብዙዎቹ የተከተቡት በትምህርት ቤት ነው። ክፍል ውስጥ አንዷ ስትወድቅ ያየች ሌላዋም ትደነግጣለች፤ ስለዚህ ተቀምጠው መከተብና ለ15 ደቂቃ ያህል ተቀምጠው መቆየት ብዙ መውደቅን ያስቀራል።

ይህ ሁሉ ጥረት ለምን? ወደዚያ ገበሬ እንመለስ። በአገራችን የሚበዙት የወባ ተውሳኮች ሁለት ናቸው። ፋልሲፓረም ፈጥኖ ሊገድል ይችላል፤ ቫይቫክስ በጉበት ተሸሽጎ ከወራት በኋላ ይመለሳል። ሕክምናቸውም ይለያያል። ትኩሳትና ራስ ምታት ሁለቱንም አይለያቸውም፤ ታይፎይድንም ከወባ አይለይም። የሚለየው ያ ጠብታ ደም ነው። ነፍሰ ጡሯም የደም ማነሷን፣ የደም ዓይነቷን፣ ለልጇ ሊተላለፍ የሚችል በሽታ መኖር አለመኖሩን የምታውቀው በዚያው መንገድ ነው። ጣቱን ሳይሰጥ ከበር የተመለሰ ሰው ቤቱ የሚገባው በሽታውን ይዞ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። ፍርሃትም እንዲሁ ነው። ገበሬው በሚቀጥለው መስከረም ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ «ደም ሳይ እወድቃለሁ፤ አስተኝተሽ ቅጂልኝ»። ኦሮምኛው ከቀረበውም «ሊልሞ ነን ሶዳዸ» ይበላት፤ መርፌ እፈራለሁ። አልጋው ላይ ይጋደም፤ ሆዱንና እግሮቹን ያጠንክር፤ ፊቱ ሞቅ ሲል ጣቱን ይስጣት።