ምስል ማረጋጊያን የማብራትና የማጥፋት ሥርዓት

ቪዲዮ ካሜራን በእጁ ይዞ የሚቀርጽ ሰው፣ ክንዱ የቱንም ያህል የጸና ቢሆን፣ የትንፋሹ ምልልስ እንኳ በምስሉ ላይ መታወቁ አይቀርም፤ ዙሙም በረዘመ መጠን ያው ረቂቅ ንዝረት እየጎላ ይታያል። ስለዚህ የሙያው ጠቢባን በሌንሱ ውስጥ ማረጋጊያ አኖሩ፤ ይኸውም ጋይሮ የተባለው መሣሪያ የካሜራውን መወዛወዝ ይለካና ከሌንሱ ክፍሎች አንዱን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ እያስገፋ ብርሃኑን ወደ ስፍራው ያስመልሰዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. በወጣው ካኖን ኤክስ ኤል 1 ውስጥ ይህን ሥራ የሚፈጽመው፣ በሁለት መስታወቶች መካከል ፈሳሽ የያዘና ማዕዘኑ የሚለዋወጥ ፕሪዝም ነበር።

አስቀድሞ በሜኑው ውስጥ የማረጋጊያውን ዓይነት መለየት ይገባል። በብዙ የሶኒ ካሜራዎች «ስታንዳርድ» የሚለው በሌንሱ ብቻ ይሠራል፤ «አክቲቭ» የሚለው ግን የኤሌክትሮኒክስ እርማት ስለሚጨምር የምስሉን ዳር ቆርጦ ያጠበዋል። እኔ ስታንዳርዱን መርጬ፣ ዙሙን ከማስረዘም ይልቅ ወደ ነገሩ መቅረብን እወዳለሁ። ክርንህን ከጎንህ አስጠግተህ ያዝ፤ ይህ ይበቃል።

ካሜራው በማቆሚያ ላይ በቆመ ጊዜ ግን ልብ በል፤ ማረጋጊያውን አጥፋው! ማረጋጊያው ረቂቅ ቢሆንም ልቡና የለውምና፣ በፈቃድ የተደረገውን እንቅስቃሴ ከእጅ መንቀጥቀጥ አጥርቶ አይለይም። በከተራ ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱ፣ ከፍ ካለ ስፍራ ሆነህ ካሜራውን ከታቦታቱ ጥላ ጀምረህ እስከ ሕዝቡ ዳርቻ በዝግታ ስታዞር፣ መሣሪያው ዙረቱን እንደ ንዝረት ቆጥሮ ምስሉን ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ የሚንቀሳቀሰውም የሌንስ ክፍል ከጉዞው ዳር ሲደርስ ምስሉ ድንገት ይዘላል፤ አንተ ካቆምህ በኋላ ደግሞ ጥቂት ተንሸራትቶ ይመለሳል።

ይህ ነውር በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ እምብዛም አይታይም፤ የሚገለጠው በቤት፣ በሰፊው ቴሌቪዥን ነው፤ በዓሉም ካለፈ በኋላ በኤዲቲንግ ማቃናቱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለሆነም ከበዓሉ በፊት ፈትን፦ ዙሙን እስከ መጨረሻው አስረዝመህ ወደ አንድ የመብራት ምሰሶ አነጣጥር፣ በዝግታ አዙረህ አቁም፣ ማረጋጊያውን አጥፍተህም ድገመው፣ ሁለቱን በቴሌቪዥን አስተያይ። አንዳንድ አዳዲስ ካሜራዎች ማቆሚያ ላይ መሆናቸውን ራሳቸው ያውቃሉ ይባላል፤ አንተ ግን ፈትነህ እመን።

በእግር እየሄድህ ስትቀርጽ ማረጋጊያውን አብራው፤ ነገር ግን ጋይሮው የሚለካው የማዕዘን ለውጥን እንጂ የእርምጃን ከፍና ዝቅ አይደለምና፣ ዙሙን ወደ ሰፊው መልሰህ ጉልበትህን አለስልሰህ ተራመድ።

ካሜራህ ሥራ የሚመደብላቸው ቁልፎች ካሉት አንዱን ለማረጋጊያው መድብ፤ በማቆሚያው እጀታም ላይ እኔ እንደማደርገው «አጥፋ» የሚል ፕላስተር ለጥፍ፤ ካሜራውን ስታወርድ መልሰህ ማብራትን አትርሳ።